እምዬ በቀዘፈችው ውሃ ላይ

ሐሙስ፣ የካቲት 13/2017

እናቴ ውሃ ትፈራለች። ይሄን ከመነሻው ልናገረው፣ ምክንያቱም አምስቱን ቀን በሙሉ ያሳለፍነው የሷን ፍርሃት እያባበልን ነው። ባህር ዳር አድጋ፣ ትዳር ይዛ አዲስ አበባ እስክትገባ ድረስ ጣና ውስጥ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ገብታ አታውቅም። የሷ እናት ደግሞ፣ አያቴ እምዬ ማለት ነው፣ ያንኑ ውሃ በደንገል ታንኳ ለብቻዋ የምትመላለስበት ሴት ነበረች። ከዛች ይቺ እንዴት ወጣች እያለ ዘመድ እስካሁን ይስቃል።

እምዬ ያረፈችው ዓምና የካቲት ላይ ነው። ስንት ዓመቷ ነበር ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለንም፣ እሷ "ጣልያን ሲወጣ የምድህ ልጅ ነበርኩ" ትል ነበር፣ በዛ ሂሳብ ከሄድን ሰማንያ አራት ወይ ሰማንያ አምስት ይሆናል። ሙት ዓመቷ በተወለደችበት ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምህረት ይሁን ተባለ፣ ንግሱ የካቲት 16 ደሞ ዘንድሮ እሁድ ዋለ፣ ያውም ቅበላ፣ በማግስቱ ሁዳዴ ሊገባ። አጎቴ በስልክ "ቀኑን ራሷ ናት የመረጠችው፣ ሰው ጾም ሳይዘው ስጋ ይብላልኝ ብላ" አለኝ። ውሸቱን አይደለም፣ እምዬ ድግስ ላይ ሰው ሳይጠግብ ሲነሳ ካየች ትጣላ ነበር።

በአውሮፕላን ነው የመጣነው። እምዬ አውሮፕላን ላይ መጀመሪያ የወጣችው ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፣ መስኮቱ ጋ ካልተቀመጥኩ ብላ ከማታውቀው ሰውዬ ጋር ቦታ ተቀያይራ አዲስ አበባ እስክትደርስ ግንባሯን መስታወቱ ላይ እንደለጠፈች ነው የመጣችው። እናቴ ግን ጣና ከታች ብቅ ሲል የመስኮቱን መዝጊያ ወደታች ጎትታ ዘጋችው። "ጸሐዩ አይኔን ወጋኝ" አለች። ጸሐዩ በሌላኛው በኩል ነበር።

ከሰዓት ሻንጣችንን ጥለን ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ጥብስ በላን፣ ሙሉውን ከነጭንቅላቱ፣ በዳጣ። እምዬ የአሳ ጭንቅላት ለማንም አታስነካም ነበር፣ ጉንጩ ላይ ያለችውን የጣት ጫፍ የምታክል ስጋ በጥፍሯ ፈልቅቃ አውጥታ ነበር የምታጎርሰኝ። ዛሬ ሞከርኩት፣ አጥንት ብቻ ደረሰኝ።

አርብ፣ የካቲት 14

ጠዋት ከእምዬ ጋር ፋብሪካ የሰሩ አንዲት እናት ቤት ሄድን። የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ የተከፈተው በ1953 ነው፣ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሰራ፣ እና እምዬ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሷ ቀልድ ነበራት፣ "ጣልያን የአባቴን ደም ካሳ ለኔ በደሞዝ ከፈለኝ" ትል ነበር። አባቷ በርግጥ በጣልያን ይሙት በወባ ይሙት እሷም አጥርታ አታውቅም፣ ግን ቀልዱ እንዳይበላሽባት ማንም አይጠይቃትም።

ሴትየዋ አሁን አይናቸው ደክሟል፣ ድምጻቸው ግን ቤቱን ያናውጣል። ለምን እንደሆነ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ማሽኑ ሲጮህ ጎንሽ ያለችው ሰው የምትለው አይሰማም፣ ስለዚህ ወይ ትጮሂያለሽ ወይ ከንፈር ታነቢያለሽ። ይሄን ስሰማ አንድ ነገር በራልኝ፣ እምዬ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሆና ከሩቅ ድምጽ ሳታወጣ አፏን ብቻ እያንቀሳቀሰች "ነጠላሽን አስተካክይ" ትለኝ የነበረው፣ እኔም ሁሌ የሚገባኝ፣ ለካ ከፋብሪካ የመጣ ነው። የማታ ሺፍት ሲወጡ ጸጉራቸው ላይ ብናኙ ጥጥ ተነስንሶ ሽበት መስለው ነው አሉ ቤት የሚገቡት። "እናትሽ አንድ ቀን አላወቀቻትም፣ አሮጊት መጣች ብላ አለቀሰች" አሉኝ ወደ እናቴ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ሌላ ያሳዩኝ ነገር ቋጠሮውን ነው። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ስለማይጠብቅሽ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ጠቅለል፣ ሾለክ፣ ጥብቅ ማድረግ አለብሽ። ከነጠላቸው ጥለት አንድ ክር መዘዙና አይናቸውን ጨፍነው አደረጉት። ከዛ እናቴ ዝም ብላ ያንኑ ክር ተቀብላ አደረገችው! በእድሜዋ ፋብሪካ ገብታ የማታውቀው እናቴ። "እሷ ናት ያስተማረችኝ፣ ቁልፍ ስሰፋ" አለች እንደ ቀላል ነገር። እኔ ስድስት ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም፣ በቃ ይህ ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ተበጥሷል።

እምዬ ፋብሪካ የቆየችው አስራ አንድ ዓመት ነው። ከዛ ጥጡ ደረቷን ሲያስላት ወጣችና ወደ ጎርጎራ በምትሄደዋ መርከብ ንግድ ጀመረች። ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ እያለች በየወደቡ የምትቆም መርከብ ነበረች፣ እምዬ ከባህር ዳር ጨርቅና ጨው ትጭናለች፣ ስትመለስ ጤፍና ኑግ። ቁንዝላ ሲያድሩ ጆንያዋ ላይ ነው የምትተኛው፣ ስትተኛም እህሉን እየዳሰሰች ነው አሉ፣ ሌባ ከጎን ቀዶ እንዳያፈሰው። በዚህ መሃል ደሞ አንድ መስከረም ሰው ሁሉ ለንግድ ሲጣደፍ እሷ ሥራዋን አቁማ ግሸን ማርያም በእግሯ ሄደች። ወሎ ድረስ! ለ21ዱ ንግሥ ነው የሄደችው፣ የተመለሰችው ኅዳር ላይ ነው። ምን ስታደርጊ ቆየሽ ሲሏት "መንገዱ ላይ የማላውቀው አገር ነበር" አለች፣ ይሄ ብቻ ነው መልሷ። እናቴ ያኔ ገና ልጅ ነበረች፣ ይሄን ነገር እስካሁን ይቅር ያለቻት አይመስለኝም። እኔ ደሞ እምዬን በጣም ስወዳት እንኳን እዚህች ላይ ከእናቴ ጎን ነኝ፣ ሁለት ወር ልጅ ጎረቤት ላይ ጥሎ መሄድ ጀብዱ ብቻ ተብሎ አይታለፍም።

ከሰዓት ብቻዬን ሐይቁ ዳር ታንኳ ከሚሰሩ ሰዎች ጋ ሄድኩ። ታንኳ ብዙውን የሚሰሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፣ ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ እየጠቀለሉ ያስራሉ፣ ከፊት አፍንጫው ወደላይ ይቀናል። ከኋላ እቃውና ሰው የሚቀመጥበት ሌላ የደረቀ እስር ይደረብበታል ምክንያቱም ታንኳ እንደ ጀልባ ውሃ አያስቀርም፣ በየመሃሉ ይገባል፣ ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ነው የማይሰምጠው። እየዋለ ሲያድር ግን ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ከውሃ አውጥተው ጸሐይ ላይ ካላቆሙት ይበሰብሳል።

ሃምሳ ብር ከፍዬ ልቅዘፍ አልኩ። የሄድኩበት ጉዳይ አለኝ፣ በቤታችን የሚወራው ትልቁ ተረት እምዬ ባሏ ሲሞት በማዕበል ውስጥ፣ በሌሊት፣ በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ በሌላኛው እየቀዘፈች፣ ጉማሬ እያባረራት ከዘጌ ባህር ዳር ገባች የሚል ነው። መቅዘፊያው ረጅም ቀርከሃ ነው፣ መሃሉን ይዘሽ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ነው የሚገባው። አንድ እጄን ለቀቅ አድርጌ ሞከርኩ፣ ታንኳው እዛው ላይ እንደ እንዝርት ዞረ። ልጁ ሳቀብኝ። በሁለት እጄም አስር ሜትር ብሄድ ነው፣ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ረጥቦ ወረድኩ። ስለዚህ አንደኛው የተረቱ ክፍል እዚህ ጋ ወደቀ፣ በአንድ እጅ አይቀዘፍም።

ማታ አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ትንሽ ተንሸራሸርን። 380 ሜትር ነው ርዝመቱ፣ እናቴ መሃል ድረስ ክንዴን ጨምድዳ መጣች። እምዬ ሲሰራ በየሳምንቱ "አለቀ?" ትል ነበር፣ የተመረቀው ግንቦት 2016 ነው፣ ሶስት ወር ነው ያመለጣት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

እናቴ በመኪና በየብስ ካልሄድን አለች። አጎቴ በመንገዱ ምክንያት አይሆንም አለ፣ ክርክሩ ሐይቁ ዳር ድረስ ቀጠለ፣ ባለጀልባው አንድ ፍሬ ልጅ ነው፣ "እማማ ይሄ እኮ ፋይበር ነው፣ አይሰምጥም" ሲላት "የሚሰምጥ ነገር ሁሉ መጀመሪያ አይሰምጥም ነው የሚባለው" አለችው። ሁለት ላይፍ ጃኬት አለበሳት፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ። በዛ ላይ ነጠላ። ከነበጓ፣ ከነድስቱ፣ ከነጌሾው ተሳፈርን።

ጠዋት ጣና ዝም ይላል፣ ነፋሱ የሚነሳው ከቀትር በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ነው መንገዱ፣ እናቴ አንድ ሰዓት ሙሉ የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ጣቷ ነጭ እስኪሆን ድረስ፣ አይኗን የበጓ ጭንቅላት ላይ ተክላ ቁጭ። እኔ እንዳትፈራ ብዬ ስለ እምዬና ስለ እምቦጭ አወራሁላት። በ2013 ጥቅምት ለአንድ ወር የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ሲጠራ እምዬ ሰማንያ ሞልቷት ነበር፣ የሰፈሩ ወጣት በአውቶቡስ ሲወጣ ስንቋን በአገልግል ቋጥራ ቀድማ ተሳፍራ ተገኘች። አስተባባሪው ውረጂ ሲላት "የማንን ሐይቅ ነው የምትከለክለኝ" ብላ አፍጥጣ አስቀረችው። ስትመለስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች፣ አንድ እምቦጭ ይዛልን መጣች እንድናየው፣ "አበባውማ ያምራል፣ እርጉም" አለች። እናቴ በዚህ ትስቃለች ብዬ ነበር፣ "እግሯን ለሶስት ሳምንት ያሸኋት እኔ ነኝ" አለች ከበጓ ላይ አይኗን ሳታነሳ።

ዘጌ ስትደርሺ ከወደቡ እስከ ኡራ ሽቅብ ነው፣ በቡና ጫካ ውስጥ። እዚህ በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለላቸው ይባላል፣ በዚህ ትኖራላችሁ፣ አትረሱ ብለው አዘዙ ይላል ትውፊቱ። ለዚህ ነው ጫካው እስከዛሬ ያለው። ጦጣዎቹ ከዳቦ ቅርጫታችን አንድ ሙልሙል ነጥቀው ዛፍ ላይ ወጡ። አጎቴ ድንጋይ ሲያነሳ እናቴ "ተዋቸው፣ ለሷ ነፍስ ይሁን" አለች። እግሯ መሬት ስለረገጠ ጸባይዋ ተመልሷል።

እሁድ፣ የካቲት 16

ሌሊት የድንጋይ ደወሉ ነው የቀሰቀሰን፣ ረዥም ጠፍጣፋ ድንጋይ ተንጠልጥሎ በትንሽ ድንጋይ ይመታል፣ ድምጹ ከብረት አይተናነስም። የቅዳሴውን ብዛት አልጽፍም፣ ሰው እንደ ጤፍ ነበር፣ ከየደሴቱ የመጣ፣ ታንኳው ወደቡ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተደርድሮ።

ቅዳሴ ሲያልቅ እምዬ ሁሌ የምትወስደኝ ስዕል ጋ ሄድኩ። መቅደሱ ዙሪያውን ግድግዳው ሁሉ ስዕል ነው፣ የሷ ግን አንዱ ብቻ ነበር፣ በላኤ ሰብ። ሰባ ስምንት ሰው የበላ፣ በመጨረሻ ለአንድ ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ በሷ አማላጅነት የዳነው። ሚዛኑ ላይ በአንድ በኩል ያ ሁሉ ነፍስ፣ በአንድ በኩል ጥርኝ ውሃ። እምዬ ስዕሉ ፊት ቆማ በየጊዜው ትስቅ ነበር፣ የምሬን ነው፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። "ምን ያስቅሻል?" ስላት "ሰባ ስምንቱ ሰዎች ምን ይሉ ይሆን ብዬ" አለችኝ አንድ ጊዜ። ቤቷ ግን የማታውቀው ሰው ደጅ ላይ ካለፈ ጮሃ ጠርታ ውሃ ሳታጠጣ አታሳልፍም። በዛ ሰፈር ጠጥቼ መጣሁ ብለሽ መዋሸት ካልቻልሽ ሆድሽ እስኪነፋ ትጠጫለሽ።

ድግሱ ላይ ነው ሰውየው የመጡት። ሰባ ሶስት ዓመታቸው ነው፣ ቀጠን ያሉ፣ መቋሚያ የያዙ፣ የአያቴ ባል የወንድም ልጅ። እናቴ "አያ" እያለች ጉልበት ሳመች። ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ከዛ ወጡ፣ ጠላው ሁለት ሶስት ዙር ሲሄድ እኔ ያን የጉማሬ ታሪክ አነሳሁ። ሰውየው ሳቁ፣ ቆይተው ሳቁ።

"ጉማሬ? ማን ነው ጉማሬ የጨመረበት" አሉ። "ማዕበልም አልነበረም። ውሃው እንደ ዘይት ነበር፣ ኅዳር ነው፣ ቡና ሲለቀም።"

ከዛ እንዲህ ነው የነገሩን። ባሏ ሲሞት የሳቸው አባት፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ቡናው የወንድሜ ነው፣ አንቺ ከልጆችሽ ጋ እኔ ግቢ ገብተሽ ኑሪ አላት። እሷ ሃያ አንድ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እሺም እምቢም አላለችም። ሁለቱን ትልልቆች እናቷ ጋ አስቀመጠች፣ ድርሻዬ ነው ያለችውን ሁለት ስልቻ ቡና ጫነች፣ ልጇን በጀርባዋ አዘለች፣ በጀርባ ነው እንግዲህ፣ እጇ ነጻ ነው፣ እና የሳቸውን አባት ታንኳ ፈታች። ሳትጠይቅ። ቤተሰባችን ሙሉ ስድሳ ምናምን ዓመት ሲያወራ ታንኳው የተሰረቀ መሆኑን የተናገረ አንድ ሰው የለም!

"እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው" አሉ። "ሽንቴን ልሸና ወጥቼ አየኋት። ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ከዛ ከጉያዋ ቆሎ አውጥታ በሁለት እጄ ሙሉ ሰጠችኝ። ጠዋት አባቴ ገረፈኝ፣ ታንኳውን ማን ፈታው ብሎ። አፌ ውስጥ ገና ቆሎ ነበር፣ እንዴት ልናገር።"

በሶስተኛ ዓመቷ ተመለሰች፣ የድሮው ስለበሰበሰ አዲስ ታንኳ አሰርታ፣ በላዩ ለእርሳቸው ከፋብሪካው ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ ይዛ። አባትየው ታንኳውን ዞር ዞር እያለ አየውና "ከኔው ይሻላል" ብቻ ብሎ ገባ አሉ፣ ጸቡ በዛው አለቀ። ሸሚዙን እስኪነትብ ለበሱት።

ከዛ ወደ እናቴ ዞሩ። "ሁሉም ነገር ያንቺ ነበር እኮ" አሏት። "ወደቡ ከቤታችን ድንጋይ መወርወሪያ ነው። አንቺ ብታለቅሺ ኖሮ አባቴ ይነቃ ነበር። ጀርባዋ ላይ ሆነሽ አየሁሽ፣ አፍሽ ተከፍቶ፣ ጭልጥ ብለሽ ተኝተሻል። ስትሄዱ ውሃው መቅዘፊያው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ፣ ያንቺ ድምጽ ግን የለም።"

እናቴ ምንም አላለችም። ጠላዋን አስቀመጠችና ተነስታ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች፣ ሰው ገና እየበላ፣ አንዱ ሰውዬ እንጀራው ከፊቱ ሲነሳበት እጁ አየር ላይ ቀረ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሁዳዴ ገባ። ጠዋት ቡና ያለ ምንም፣ የዘጌ ቡና ከጫካው ከራሱ፣ ሶስቱንም ጠጣን።

ስንመለስ ባለጀልባውን በክብራን ገብርኤል በኩል አሳልፈን አልነው። ክብራን ሴት አይገባበትም፣ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባል። እምዬ ለመነኮሳቱ ዱቄት እያመጣች ወደቡ ድረስ ብዙ ጊዜ መጥታለች፣ አንዱን አባ "ውስጡ ምን ይመስላል?" ስትላቸው በእንጨት አሸዋው ላይ ሳሉላት። እሷ ደሞ ለኛ ሰፌድ ላይ ዱቄት በትና በጣቷ ትስልልን ነበር፣ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፣ መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን። "ቅኔ ማህሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ" እያለች። ከዛ ሰፌዱን አንዴ አንገዋላ ዱቄቱን ወደ ማሰሮ ትመልሰዋለች። ዛሬ ከጀልባው ላይ ሆኜ ጫካውን ብቻ አየሁ፣ ጣሪያው እንኳን አልታየኝም።

ይሄን ለእናቴ ላሳያት ብዬ ዞርኩ። ተኝታለች። ሁለቱን ላይፍ ጃኬት እንደለበሰች፣ ጭንቅላቷን ባዶው ድስት ላይ አስደግፋ፣ አፏ ትንሽ ተከፍቶ። ጠርዙን አልያዘችም። የነጠላዋ ጫፍ ከጀልባው ወጥቶ ውሃው ላይ ይጎተታል። ባለጀልባው ልጅ አየና ሞተሩን ቀነስ አደረገው፣ "ልቀስቅሳት እንዴ እህቴ፣ ነጠላው በሰበሰ" አለኝ።

ተው አልኩት በከንፈሬ ብቻ፣ ድምጽ ሳላወጣ። ገባው።